ሲክል ሴል ሄሞግሎቢን የስኳር በሽታን የደም ምርመራ እንዴት ያሳስታል?

የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው ከሌለበት ለመለየት፥ ያለበትም ሰው ሕክምናው በደኅና ይዞት እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ዛሬ በብዙ አገር ሐኪም የሚያዝዘው ምርመራ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው ነው። በሽተኛው ምግብ ሳይቀምስ መምጣት አያስፈልገውም፤ ጥቂት ደም ይሰጣል፥ ውጤቱም በአንዲት ቁጥር ተጽፎ ይመጣለታል። ቁጥሯ በመቶ 6.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች የስኳር በሽታ አለ ይባላል። ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነች ሰውየው ወደ በሽታው እየተቃረበ ነው ይባላል። ከዚያ በታች ከሆነች እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ነገር ግን ይህች ቁጥር በሁሉም ሰው ደም ላይ እኩል እውነት አትናገርም። ሄሞግሎቢኑ በትውልድ የተለየ ሰው፥ በተለይም ሲክል ሴል የተባለውን ሄሞግሎቢን የወረሰ ሰው፥ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሳለ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ያለ ምክንያት ከፍ ይላል። ይህ የወረቀት ስሕተት ብቻ አይደለም። የስኳር በሽታው ሳይታወቅለት ለዓመታት የቈየ ሰው ዓይኑ፥ ኵላሊቱና የእግሩ ስሜት ይጐዳል። ስኳሩ ሳይበዛ በዝቷል የተባለ ሰው ደግሞ መድኃኒት ይጨመርበትና ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ፥ በምን እንደሚታወቅና በምን እንደሚታረም እናያለን። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፥ ከኤዋንሲ ትርጉም እንጀምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ኤዋንሲ ምንድን ነው?

ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፥ ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለሰውነት የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። የአዋቂ ሰው ዋናው ሄሞግሎቢን፥ ሄሞግሎቢን ኤ ይባላል። እርሱም ከሁለት አልፋና ከሁለት ቤታ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት ደግሞ እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በተራ የተሰኩ አሚኖ አሲዶች ነው።

በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ግሉኮስ ያለ ኤንዛይም ርዳታ በገዛ ራሱ ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። የቤታው ሰንሰለት መጀመሪያ የሆነው አሚኖ አሲድ ቫሊን ይባላል። ግሉኮስ በዚህ ቫሊን ላይ የተጣበቀበት ሄሞግሎቢን ኤ ነው ኤዋንሲ የተባለው። ግሉኮሱ አንድ ጊዜ በደንብ ከያዘ ሕዋሱ እስኪሞት ድረስ አይላቀቅም። ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፥ ኤዋንሲ የአንድ ጧት ስኳርን ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ወራት አማካይ ስኳር ይነግረናል። ለምሳሌ 6 በመቶ ኤዋንሲ ማለት አማካዩ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ያህል ነው፤ 7 በመቶ ማለት ደግሞ 154 ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ኤዋንሲ ስኳርን በቀጥታ አይለካም፤ ስኳር የተጣበቀበትን ፕሮቲን ነው የሚለካው። ስለዚህም ቁጥሩ እውነት የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፥ የሰውየው ሄሞግሎቢን ሄሞግሎቢን ኤ መሆን አለበት። ሁለተኛ፥ ቀይ ሕዋሱ ዕድሜውን ጨርሶ መኖር አለበት። ሦስተኛ፥ የላቦራቶሪው መሣሪያ ስኳር የያዘውን ካልያዘው በትክክል መለየት አለበት። ሲክል ሴል እነዚህን ሦስቱንም ሊያፈርስ ይችላል።

አንዲት አሚኖ አሲድ ያመጣችው ለውጥ

በ1910 ጄምስ ሄሪክ የተባሉ የሺካጎ ሐኪም፥ ከግሬናዳ ደሴት የመጣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ደም በማይክሮስኮፕ የታየበትን ሁኔታ ጽፈው አወጡ። የተማሪው ቀይ ሕዋሳት እንደ ሌላው ሰው ክብ መሆናቸው ቀርቶ አያሌዎቹ እንደ ማጭድ የቀጠኑና የጐበጡ ነበሩ። የበሽታው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሲክል በእንግሊዝኛ ማጭድ ማለት ነውና።

በ1949 ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቻቸው የበሽተኞቹን ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ቢያስኬዱት፥ ከጤነኛው ሰው ሄሞግሎቢን በተለየ ፍጥነት ሲሄድ አገኙት። በዚህም በሽታው ከሞለኪውል የመነጨ መሆኑን አስረዱ። በ1956 እና በ1957 ደግሞ ቨርነን ኢንግራም በኬምብሪጅ ሆነው ልዩነቱን ለይተው አሳዩ። በቤታው ሰንሰለት ስድስተኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መቀመጥ ሲገባው ቫሊን ተቀምጦ ተገኘ። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። እንዲህ የተለወጠውም ሄሞግሎቢን ኤስ ተባለ።

ከአባትም ከእናትም ኤስን የወረሰ ሰው የሲክል ሴል በሽተኛ ይሆናል። ሄሞግሎቢኑ ኦክሲጅን ሲያጣ ስለሚረጋ ሕዋሱ ይጐብጣል፥ የደም ሥር ይዘጋል፥ ቶሎም ይፈርሳል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ግን ተሸካሚ ይባላል። ከሄሞግሎቢኑ ከመቶ ከ35 እስከ 40 የሚሆነው ኤስ፥ የቀረው በአብዛኛው ኤ ነው። ተሸካሚው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ተሸካሚ መሆኑንም ሳያውቅ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። ለጽሑፋችን ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው፤ የማያውቀውን ነገር ለሐኪሙ ሊነግረው አይችልምና።

ሁለቱ ግኝቶች የተገናኙበት መንገድ

በ1968 ሳሙኤል ራህባር የተባሉ የቴህራን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በበሽተኞች ደም ውስጥ ልዩ ልዩ ሄሞግሎቢኖችን በኤሌክትሪክ መስክ እየለዩ ሳለ፥ በስኳር በሽተኞች ደም ውስጥ ፈጥኖ የሚሄድ አንድ ክፍል አገኙ። የኋላ ኋላ ይህ ክፍል ኤዋንሲ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ የዛሬው የስኳር ምርመራ የተወለደው የተለዩ ሄሞግሎቢኖችን በመፈለግ ሥራ ላይ ነው።

ሁለቱም በአንድ መንገድ መገኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ግሉኮስ በቤታው ሰንሰለት መጀመሪያ ላይ ሲጣበቅ በዚያ የነበረውን ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይሸፍነዋል። በሄሞግሎቢን ኤስ ደግሞ ኔጌቲቭ ሙል ያለው ግሉታሚክ አሲድ ሙል በሌለው ቫሊን ስለ ተተካ አንድ ኔጌቲቭ ሙል ይጐድላል። አንደኛው ለውጥ ሞለኪውሉን ወደ አንድ ወገን ሲገፋው፥ ሁለተኛው ወደ ሌላው ወገን ይስበዋል። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ሞለኪውል ላይ ሲገናኙ፥ ማለትም ሄሞግሎቢን ኤስ ራሱ ግሉኮስ ሲይዝ፥ ሙሉ ስኳር ወዳልያዘው ወደ ተራው ሄሞግሎቢን ኤ ይቀርባል። ሞለኪውልን በሙሉ ብቻ የሚለይ መሣሪያ የሚደናገረው በዚህ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ተሸካሚ ሰው እናስብ። ከደሙ 1,000 የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎችን ቈጠርን እንበል፤ 600ው ኤ፥ 400ው ኤስ ናቸው። ከሁለቱም ዓይነት ከመቶ ሰባቱ ስኳር ይዟል እንበል። እንግዲህ ከኤ 42፥ ከኤስ 28፥ በጠቅላላው 70 ሞለኪውሎች ስኳር ይዘዋል። እውነተኛው ውጤት 7 በመቶ ነው፤ ይህ ሰው የስኳር በሽታ አለበት።

አሁን ይህንኑ ደም ለልዩ ልዩ መሣሪያዎች እንስጥ።

ሀ. መሣሪያው ኤን ከኤስ ለይቶ 42ን ለ600 ቢያካፍል ውጤቱ 7 በመቶ ይሆናል። ትክክል ነው።

ለ. መሣሪያው 42ቱን ብቻ ቈጥሮ ለጠቅላላው 1,000 ቢያካፍል 4.2 በመቶ ይሆናል። በሽተኛው ፍጹም ጤነኛ ነህ ተብሎ ይሰናበታል።

ሐ. ስኳር የያዙት 28ቱ ኤሶች ስኳር ካልያዘው ኤ ጋር ተቀላቅለው ቢቈጠሩ፥ አካፋዩ 628 ስለሚሆን ውጤቱ 6.7 ይሆናል። ይህ ስሕተት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በወሰኑ አጠገብ ላለ ሰው ትንሽ ስሕተት ትልቅ ነው።

መ. 28ቱ ከኤዋንሲ ጋር ተደምረው፥ የቀሩት ኤሶች ግን ከአካፋዩ ቢወጡ፥ 70 ለ628 ተካፍሎ 11.1 በመቶ ይሆናል። ሐኪሙም ደንግጦ መድኃኒት ይጨምራል።

ሠ. መሣሪያው የሄሞግሎቢኑን ዓይነት ሳይጠይቅ ስኳር የያዘውን ሁሉ ቈጥሮ 70ን ለ1,000 ቢያካፍል፥ እንደገና 7 በመቶ ይሆናል።

ደሙ አንድ፥ ሰውየውም አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከ4.2 እስከ 11.1 ሊደርስ ቻለ። ምሳሌው ሆን ተብሎ የተጋነነ ቢሆንም የስሕተቱን ጠባይ በትክክል ያሳያል። ልዩነቱን ያመጣው የሰውየው ስኳር ሳይሆን የማካፈሉ ስልት ነው።

መሣሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

በላቦራቶሪዎች ውስጥ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች ዋና ዋናዎቹን በአጭሩ እንመልከት።

የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ ሙል የሚለየው ክሮማቶግራፊ ነው። ደሙ ተበጥብጦ፥ ሙል ባላቸው ጥቃቅን እንክብሎች በታጨቀ ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል። የሄሞግሎቢኑ ዓይነቶች እንደ ሙላቸው ተራ በተራ ይወጣሉ፥ እያንዳንዱም በወረቀት ላይ አንድ ጉብታ ይሥላል። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ኤስ ካለ ልዩ ጉብታ ሠርቶ መታየቱ ነው፤ አስተዋይ ባለሙያ ወረቀቱን አይቶ ይህ ሰው ተሸካሚ ነው ለማለት ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ጉብታዎቹ በደንብ ካልተለያዩ ከላይ ያየነው መደናገር መምጣቱ ነው። ዛሬ ካሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ተሻሽለው የተሸካሚውን ደም በትክክል ይለካሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይደሉም።

ሁለተኛው በአንቲቦዲ የሚለካው ነው። አንቲቦዲው የቤታውን ሰንሰለት መጀመሪያና በላዩ የተጣበቀውን ግሉኮስ ያውቃል። የኤስ ለውጥ ያለው በስድስተኛው ቦታ ስለ ሆነ፥ አንቲቦዲው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት አሚኖ አሲዶች ብቻ የሚመለከት ከሆነ ለውጡ አያስቸግረውም። እስከ ስድስተኛው ድረስ የሚመለከት ከሆነ ግን ሊሳሳት ይችላል። ከዚህም ሌላ ብዙ የሲክል ሴል በሽተኞች በደማቸው ውስጥ የሕፃን ሄሞግሎቢን የሚባለው ሄሞግሎቢን ኤፍ ከልክ በላይ ይገኛል። ኤፍ የቤታ ሰንሰለት ስለሌለው አንቲቦዲው አያውቀውም፤ ኤፍ ሲበዛ ውጤቱ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል።

ሦስተኛው ቦሮኔት በሚባል ኬሚካል የሚሠራው ነው። ቦሮኔት የሚይዘው ግሉኮሱን እንጂ የሄሞግሎቢኑን ዓይነት ስላልሆነ፥ ኤም ሆነ ኤስ ስኳር የያዘው ሁሉ ይቈጠራል። በምሳሌያችን በ«ሠ» የተመለከተው ይህ ነው። በኤስ ምክንያት ከሚመጣ መደናገር ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቀው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ኤስ መኖሩን ራሱን አያሳይም፤ ሰውየው ተሸካሚ መሆኑ እንደ ተሰወረ ይቀራል።

በአሜሪካ የኤዋንሲን አለካክ የሚያስተካክለው ብሔራዊ መርሐ ግብር፥ የትኛው መሣሪያ በየትኛው የሄሞግሎቢን ዓይነት እንደሚሳሳት የሚያሳይ ዝርዝር ያወጣል። እንግዲህ መልሱ ተሰውሮ አይደለም፤ የሚጐድለው ጠያቂ ነው።

መሣሪያ የማያድነው ስሕተት

እስካሁን የተናገርነው ስለ መሣሪያ ስሕተት ነው። መሣሪያው ምንም ያህል ፍጹም ቢሆን የማይታረም ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ። እርሱም የቀይ ሕዋስ ዕድሜ ነው።

የሲክል ሴል በሽተኛ ቀይ ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ሳይሆን ከ10 እስከ 20 ቀን ያህል ብቻ ነው። ሕዋሱ ስኳር ለመሰብሰብ ጊዜ ሳያገኝ ይሞታል። አዲሱም ሕዋስ እንዲሁ። ስለዚህ የሰውየው ስኳር ምንም ቢበዛ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ከዚህም በላይ፥ ከሁለቱም ወላጆች ኤስን የወረሰ ሰው ሄሞግሎቢን ኤ ከቶ ስለሌለው፥ በትርጉሙ መሠረት ኤዋንሲም የለውም። ከአንዱ ወላጅ ኤስን፥ ከሌላው ሄሞግሎቢን ሲን የወረሰ ሰውም እንዲሁ ነው። ደም ተሰጥቶት ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የሚገኘው ኤዋንሲ የለጋሹ ደም ውጤት ነው። የሌላ ሰው ደም ተለክቶ ለእርሱ መድኃኒት ይታዘዝለታል ማለት ነው። ለእነዚህ በሽተኞች ኤዋንሲ አይታዘዝም።

ተሸካሚዎቹስ? በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት 4,620 ጥቁር አሜሪካውያንን የሚመለከት ነበር፤ 367ቱ ተሸካሚዎች ናቸው። በደማቸው ያለው ግሉኮስ እኩል ሆኖ ሳለ የተሸካሚዎቹ ኤዋንሲ በአማካይ 5.72፥ የሌሎቹ 6.01 ሆኖ ተገኘ። ቀደም ብሎ በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም ነበር። የ0.3 ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እውነተኛ ቁጥሩ 6.7 የሆነው ሰው በዚህ ምክንያት 6.4 ቢባል፥ ከበሽተኞች መዝገብ ይወጣል። በአሜሪካ ከ13 ጥቁር ሕፃናት አንዱ ተሸካሚ ሆኖ ይወለዳል፤ በናይጄሪያ ከአራት ሰው አንድ ያህሉ ተሸካሚ ነው። በእነዚህ አገሮች ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ መጠርጠር ነው። የሚከተሉት ሲታዩ ሐኪሙም ሆነ የላቦራቶሪው ባለሙያ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። የኤዋንሲው ቁጥርና የግሉኮሱ ቁጥር ሳይስማሙ ሲቀሩ፤ ውጤቱ ከመቶ 15 በላይ ሲሆን፤ ወይም ላቦራቶሪው መሣሪያ በለወጠ ጊዜ የአንድ በሽተኛ ቁጥር በድንገት ሲለወጥ ነው።

ሁለተኛው በሌላ መንገድ መለካት ነው። ሰውየው ሳይበላ ካደረ በኋላ የሚለካው ግሉኮስ 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፥ ወይም 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፥ የስኳር በሽታ መኖሩ ይታወቃል። ምልክት የማይታይበት ሰው ከሆነ ግን ምርመራው መደገም አለበት። ይህ ምርመራ ከሄሞግሎቢን ዓይነት ጋር ጉዳይ የለውም። የቅርቡን አማካይ ለማወቅ ደግሞ ፍሩክቶዛሚን ወይም ስኳር የያዘ አልቡሚን ይለካል። አልቡሚን በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ስለ ሆነ የቀይ ሕዋስ ዕድሜ አይነካውም፤ የሚያሳየውም ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ነው።

እነዚህም ቢሆኑ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ለግሉኮስ የተቀዳ ደም ሳይለይ ከተቀመጠ፥ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ግሉኮሱን ስለሚጠቀሙበት በየሰዓቱ ከመቶ ከ5 እስከ 7 ያህል ይቀንሳል። ኵላሊቱ ታሞ አልቡሚን የሚፈስበት ሰው በፍሩክቶዛሚን ሊመዘን አይችልም። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠሩት ትንንሽ መሣሪያዎችም አያሌዎቹ የደም ማነስ ባለበት ሰው ላይ ግሉኮሱን ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ የሲክል ሴል በሽተኛ ደግሞ የደም ማነስ አያጣውም።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?

በአገራችን ደጋ ሲክል ሴል እንደ ምዕራብ አፍሪቃ የተስፋፋ አይደለም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። አንቶኒ አሊሰን በ1954 በምሥራቅ አፍሪቃ ባደረጉት ጥናት፥ ተሸካሚነት ከማለርያ እንደሚከላከል አሳይተዋል፤ ማለርያ በጸናበት ቈላ ውርሱ በዝቶ ሲኖር፥ ማለርያ በሌለበት ደጋ ግን እንዲበዛ የሚያደርገው ነገር የለም። ሆኖም ከእኛ መካከል የሚመረቀው ሐኪም ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚያገለግለው የደጋውን ሰው ብቻ አይደለም። በቈላው ይሠራል፥ ከጐረቤት አገር የመጣውን ስደተኛ ያክማል፥ ወደ ውጭ አገርም ሄዶ የሚሠራ ብዙ ነው።

ከዚህም ሌላ የትምህርቱ ፍሬ ከሲክል ሴል ይሰፋል። ቀይ ሕዋስ እንዲፈርስ የሚያደርግ በሽታ ሁሉ፥ ማለርያም ጭምር፥ ኤዋንሲን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የብረት እጥረት ያመጣው የደም ማነስ ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ ኤዋንሲን የሚያዝዝ ሐኪም የሰውየውን የደም መጠን አብሮ ቢመለከት መልካም ነው።

ኬሚስትሪ የሚማረው ጓደኛችን የሙልን ነገር፥ ባዮሎጂ የሚማረው የውርስን ነገር፥ ስታቲስቲክስ የሚማረው የወሰንን ነገር በዚህ በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ ያገኛሉ። ከላቦራቶሪ የሚወጣ ቁጥር በመሣሪያ ስለ ታተመ ብቻ እውነት አይሆንም። ምን ተለካ? በምን ተለካ? የማን ደም ነው? ብለን ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቅ አለብን። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የአንድ ሰው ዓይን ወይም እግር የሚተርፈው ግን በእነርሱ ሊሆን ይችላል።